ቀጋው ላይ የታሰሩ ጽጌረዳዎች

ጥሩአየሁ ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍታ ስትወጣ ባሏን ወልደ ሰንበትን ደጃፉ ላይ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ጥቁር ክር በጥርሱ ነክሷል። በግራ እጁ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ይዞ፣ ቁልፍ እንደሚተክል ልብስ ሰፊ ዓይኑን አጥብቦ፣ አበባዋን ከእሾሃሙ ቅርንጫፍ ጫፍ ጋር ያስራል። አጠገቡ ባለው ባልዲ ውስጥ ሌሎች ጽጌረዳዎች ውኃ ውስጥ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ነክቶህ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ጎረቤትማ ይኸው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያይሃል።»

ጎረቤቱ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ከጥሩአየሁ አፍ ሰምቻለሁ፤ ከራሴ የጨመርኩት ካለ ለወጥ የሚበቃ ጨው ያህል ቢሆን ነው። እኔ ሳል የያዘኝ አስመስዬ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ወልደ ሰንበት ግን ክሩን ከጥርሱ ሳያወጣ ማሰሩን ቀጠለ። እኅቱ ውበቴ በዚያን ዕለት ከሞጣ ወደ እኛ ቢቸና ትመጣ ነበር። የምትመጣውም ለዚህ ቁጥቋጦ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ጥላ ጥላ ነው የሚያሳያት ይባላል፤ እሱም ከበረንዳው አሻግሮ ቀዩን ያሳያታል፣ ሮጥ ብሎ አንዲት ዝንጣፊ ይቆርጥላታል፣ ከሰዓት በኋላ በሚመለሰው አውቶቡስ ይሸኛታል። ይኸው ነው ሐሳቡ። አበቦቹን ማታ ከጨርቅ ነጋዴው ሚስት ከዘይዳ ግቢ ነው የለመናቸው። «ለማን ሰርግ ነው?» ብትለው፣ «ለበላይ አካል ነው፣ ስሙ አይጠራም» ብሎ አስደንግጧት መጥቷል።

ያ ቁጥቋጦ በደህናው ዘመን ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ንጉሥ ነበር። የውበቴ ባል የግራዝማች ገብረ ክርስቶስ ጽጌረዳ ሲባል በምሥራቅ ጎጃም የማያውቀው ሰው ቢኖር ዓይነ ስውር ነው፤ ዓይነ ስውሩም ቢሆን በመዓዛው ያውቀዋል። አንዱ አበባ የሕፃን ራስ ያህላል። ነፋስ ወደ ደቡብ የነፈሰ ዕለት ደጀን ላይ የነዳጅ መኪና ሹፌሮች ሽታው ገብቷቸው መኪናቸውን ያቆሙ ነበር። ግራዝማች ሥሩን፣ የዱሩን ቀጋ፣ ከወንዝ ዳር በገዛ እጃቸው ነቅለው ያመጡት ነው። የጽጌረዳውን ዓይን፣ ማለት ቡቃያውን፣ ደግሞ ከሞጣ፣ ከነጋዴው ከይማም ግቢ አስቆርጠው፣ የቀጋውን ቅርፊት በምላጭ ሰንጥቀው ከተቱትና በቃጫ አሰሩት። ከዚያ በኋላ ልጅ ያላሳደጉት ባልና ሚስት ያን ዛፍ አሳደጉ። የፈረስ ፋንድያ፣ የምድጃ አመድ፣ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ሲይዘው የሳሙና እጣቢ። ቀጋ ጉልበታም ነውና ከቋጠሮው በታች ሁልጊዜ ያቆጠቁጣል፤ ግራዝማችም ምላጫቸውን ይዘው ዝቅ ይሉና፣ «አንተ እግር ነህ፤ ራስ ልሁን አትበል» እያሉ ይቆርጡታል። አብዮቱ መጥቶ የተያዙ ዕለት፣ በሁለት ወታደር መሐል ሆነው ከበሩ ሲወጡ ዞር ብለው የተናገሩት ስለ ቤታቸው አልነበረም፤ ስለ መሬታቸውም አልነበረም። «ወልደ ሰንበት፣ ከቋጠሮው በታች የሚወጣውን እንዳትምረው» አሉ። ውበቴ ወደ ትውልድ አገሯ ሞጣ ሄደች፤ ወልደ ሰንበትና ጥሩአየሁ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይወረስ ገብተው ተቀመጡበት። ቤቱም አደራ፣ አበባውም አደራ።

ታዲያ አንድ ክረምት ቀበሌው በየግቢው ጎመንና ድንች ይተከል ብሎ አዘዘና ሹሞቹ ሕዝብ አስከትለው ግቢ ለግቢ ዞሩ። እዚህ ሲደርሱ ከጎመን ይልቅ ጽጌረዳው ፈክቶ ቆሟል። «ይህስ የማን ጌጥ ነው?» አለ አንዱ። የእስረኛ ቤት፣ የእስረኛ አማች፣ የእስረኛ አበባ! ወልደ ሰንበት ፈራ፤ አፉ ግን ከልቡ ቀድሞ ዳነ። በአፍ የሚመስለው አልነበረም፤ በጃንሆይ ጊዜ በማመልከቻ ጸሐፊነቱ ዝናብ ያልዘነበለትን ገበሬ የእግዜርን ዳኝነት ይግባኝ አስብሎታል ይባልለት ነበር። ድንጋይ ላይ ወጣ። «ጓዶች! ተመልከቱ! ይህ ከላይ የተኮፈሰው ቀይ ለባሽ የማንን ደም መጦ ነው የቀላው? ከታች ያለውን የጭቁኑን ግንድ አይደለም ወይ? ዛሬ ግን ጭቁኑ በገዛ ኃይሉ አቆጥቁጧል! እነሆ ታሪክ ፍርዱን ይሰጣል!» ብሎ መጥረቢያውን አነሳና ከቋጠሮው ላይ ቀነጠሰው። ከታች የወጡትን የቀጋ ቀንበጦች እንደ ሙሽራ አቅፎ አሳየ። ጭብጨባው ሉማሜ ድረስ ተሰማ። ያላጨበጨበ እጅ አልነበረም። በማግሥቱ የውይይት ክበቡ ሊቀ መንበር አደረጉት።

ጭቁኑም አደገ። በዓመቱ አምስት አምስት ቅጠል ያላቸው ነጫጭ አበቦች አወጣ፤ እሾሁ የድመት ጥፍር ሆነ፤ ፍሬውንም የሰፈር ልጆች ለቀሙት። ቀጋ! ወልደ ሰንበት ሌሊት ሌሊት ከአልጋው እየተነሳ በመስኮት ያየው እንደነበር ጥሩአየሁ ነግራኛለች። በዚያ መሐል ግራዝማች ታመው ተፈቱና ሞጣ ገቡ። ከሞጣ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ «ጽጌረዳዬስ? ብለዋል ግራዝማች» ይላል። ወልደ ሰንበትም ይመልሳል፤ መጀመሪያ «ደህና ነው»፣ ቀጥሎ «ጣራ አክሏል»፣ ኋላ «ጣራውን አልፎ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሊነካ ነው።» ሄዶ ግን አልጠየቃቸውም። ስብሰባ አለ፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ወገቤን አሞኛል። ለቀብር ብቻ ሄደ። ውበቴ አንገቱን ይዛ፣ «ጽጌረዳዎን ሳያዩት!» ብላ ስታለቅስ ከሐዘንተኛው ሁሉ በላይ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንድም የለም ተባለለት።

አሁን እንግዲህ ሙት ዓመታቸው ደርሶ ውበቴ መልእክት ልካለች። ከዚያ ጽጌረዳ አንድ ዝንጣፊ ወስዳ ደጇ ላይ ልትተክል። «ድምፃቸውን ባልሰማ ሽታቸውን ላሽት» ነው ያለችው።

ረፋዱ ላይ ይደርሳል የተባለው አውቶቡስ አልመጣም። ወልደ ሰንበት መናኸሪያው ግንብ ሥር ቆሞ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ፀሐይዋን ያያል። የጥቅምት ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ የቢቸና ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች፣ ድንጋይን ላብ በላብ ታደርጋለች። በየደቂቃው ወደ ቤት ሮጦ አበቦቹን ውኃ ሊረጭ ያስብና፣ ስሄድ ብትመጣስ ብሎ ይመለሳል። መኪናው አቧራ ለብሶ ሲገባ ቀትር አልፎ ነበር። ውበቴ ነጭ ነጠላዋ ቡና መስሎ፣ በአንድ እጇ የማር ማሰሮ፣ በሌላው አፈር የሞላበት የዘይት ቆርቆሮ ይዛ ወረደች። ተሳሳሙ፤ ደጋግመው ተሳሳሙ።

«ምን አዘገያችሁ እትዬ?»

«ጎማ ፈነዳ። ለዚህም ሰባት ብር አስከፈሉኝ፤ ድሮ በሦስት ብር በቅሎ ተከራይቼ እንደ እመቤት እመጣ ነበር።» ወደ ፊቱ ጠጋ ብላ አየችው። «ከስተሃል።»

«ሥራ ነዋ። አገሩ ሁሉ በእኔ ጫንቃ ነው ያለው።»

በመንገድ ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ፤ ሞጣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በነፍስ ወከፍ ሆኗል፣ እዚህም እንደዚያው ነው። የሞጣዋ ዘመዳቸው ይርጋነሽ ሞታለች፣ ነፍሷን ይማር። ሰው በሞተበት ቤት ወሬው አያልቅም፤ አንዱ ነገር ብቻ አልተነሳም። ቤት ሲደርሱ ወልደ ሰንበት ክንዷን ይዞ በፍጥነት በበረንዳው በኩል አሻገራት፤ «እዚያ ነው፣ ይኸው ቀዩ ታየሽ? በኋላ በደንብ ታዪዋለሽ፣ አሁን ርቦሻል» እያለ። ጥሩአየሁ ጽጌን የምትጾመውን እንግዳዋን በሽሮና በተልባ አስተናገደቻት። ክፍሉ ያው የግራዝማች ክፍል ነው። የግራዝማች ወንበር ወልደ ሰንበት ኮፍያውን የሚያሳርፍበት ሆኗል። ግድግዳው ላይ የግራዝማች ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ጭስ ስላልነካው ነጥቶ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ አሁን የውይይት ክበቡ የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል፤ ግን ወረቀቱ ከፎቶው ያንሳልና ንጣቱ ዙሪያውን ይታያል። ውበቴ ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። ምን ያህል እንደሚታያት እግዜር ይወቅ። ጉርሻዋን በዝግታ ታላምጣለች። ጥሩአየሁ፣ «ብዪ እትዬ፣ ምነው?» ትላለች፤ ውበቴ፣ «እየበላሁ ነው እኮ» ትላለች። ወልደ ሰንበት በዚያ መሐል ሦስት ወሬ ጀምሮ ሦስቱንም መሐል ላይ ተዋቸው። በሕይወቱ ወሬ ሲያቋርጥ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

እጇን ስትታጠብ፣ «በል እንግዲህ» ብላ ተነሳች። ቆርቆሮዋን ይዛ፣ ከእሱ ቀድማ፣ ማንም ሳይመራት ወጣች። ያን ግቢ በጨለማም ታውቀዋለች። ወልደ ሰንበት ከኋላዋ ደረሰ። ጠዋት ቀና ብለው የነበሩት ጽጌረዳዎች ሁሉ ራሳቸውን ደፍተዋል፤ ጫፋቸው ጠቁሯል፤ እንደ ተሰቀለ ሰው አንገታቸው ተሰብሮ በጥቁር ክር ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ያለው የቀጋ ቅጠል ግን ለምልሞ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ጎረምሳ ቆሟል። ውበቴ እጇን ዘርግታ መጀመሪያ ቅጠሉን ዳሰሰች። ቀጥሎ እሾሁን። ቀጥሎ አንዷን አበባ ስትይዝ አበባዋ እጇ ላይ ቀረች፤ ክሩም ተከትሎ መጣ። ክሩን በሁለት ጣቷ መሐል አሸችው። ከዚያ እየዳሰሰች ሁሉንም ፈታቻቸውና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

ወልደ ሰንበት አፉን ከፈተ። «እትዬ፣ የዛሬ ዓመት መዓት ወረደበት። ክሽክሽ! ግን ክሽክሽ ብቻ አይደለም፣ የጢንዚዛ ያህል ክሽክሽ! ሌሊት ሲበላው ድምፁ እንቅልፍ ይነሳን ነበር፤ ጥሩአየሁን ጠይቂያት። ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጣሁ፣ ባለሙያው አይቶ አለቀሰ...»

ጥሩአየሁ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ውበቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው። መጨረሻው ግን አልመጣለት አለ፤ ክሽክሹ ቀስ በቀስ አነሰ፣ ባለሙያውም መንገድ ላይ ቀረ።

«ግራዝማች ያውቁ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ከዚህ አንድ ጎልማሳ ታስሮ መጥቶ ነግሯቸዋል። ንግግርህን ሳይቀር፣ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ሳይቀር አስመስሎ ነው አሉ የነገራቸው። እስረኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።»

«ካወቁ ታዲያ... ለምን ይጠይቁኝ ነበር? መንገደኛ በመጣ ቁጥር ጽጌረዳዬስ፣ ጽጌረዳዬስ...»

«እንድትነግራቸው ነዋ። ሰው ወደ ቢቸና ሲሄድ 'ዛሬ ይናገር ይሆናል' ይሉ ነበር። መልስህ ሲመጣ ደግሞ 'ጣራ አከለ በል' ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ሊሞቱ ሰሞንም ጠይቀዋል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «'ፈርቶ ነው' አልኳቸው። 'መፍራቱንስ እኔም ፈርቻለሁ፤ ያቆሰለኝ ጭብጨባው ነው' አሉኝ። እኔም ዛሬ ለዝንጣፊ ብቻ አልመጣሁም። በልቼ እስክጨርስ ጠበቅሁህ፣ ወልዴ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዓባይ በረሃ ድንጋይ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ቢጫን እንደዚያ አያጎብጠውም። ወልደ ሰንበት ድንጋዩ ላይ፣ ያው ንግግር ያደረገበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ማልቀስም አልቻለም፤ እንባውን በቀብሩ ዕለት ጨርሶታል።

«ዶማ አለህ?» አለችው።

«ለምን?»

«ንቀልልኝ። ሥሩ የእሳቸው እጅ ነው። ዓይኑን ይማም ቤት አላጣውም፣ ሚስቱ ኸይራት እስከ ዛሬ ትኮተኩተዋለች። ሥሩ ግን ያንተ ደጅ አይቀርም።»

ቆፈረ። የቀጋ ሥር ቀልድ አይደለም፤ አገር አቋርጦ ሄዷል፣ አንዱ ጫፍ ደብረ ኤልያስ ሳይደርስ አልቀረም። እሾሁ ክንዱን እንደ ምላጭ ተለተለው፣ ሸሚዙን ቀደደው፤ ጥሩአየሁ ልታግዘው ብትጠጋ ውበቴ በእጇ ከለከለቻት። እኔም አጥሩን ተሻግሬ ልይዝለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አጥሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለው። ለቆርቆሮው በዝቷልና ቆርቆሮው አፈሩን እንደያዘ ቀረ። ቅርንጫፉን ሳሳ አድርጎ ቆረጠውና ጫንቃው ላይ አነሳው። ውበቴ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ የቢቸና ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ጫፎቹ ፊቱን ስለሸፈኑት መጀመሪያ ሰው አላወቀውም፤ ቁጥቋጦ በሁለት እግሩ የሚሄድ መሰላቸው። የቀበሌው ዘበኛ ፋንታ ነው የለየው። «ጓድ ሊቀ መንበር! ሰፊውን ሕዝብ ተሸክመህ ወዴት?» ብሎ ጮኸ። ጠላ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሳቁ። «ተዉት፣ ድርጅታዊ ሥራ ላይ ነው» አለች ሀብትነሽ፣ የጠላ ቤቷ ባለቤት። ወልደ ሰንበት በልማዱ አንገቱን ቀና አደረገ። «ይህ እኮ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ! ለክፍለ ሀገሩ ምርምር...» ሲል ውበቴ ቆመች። አልዞረችም፤ ቆመች ብቻ። ወሬው አፉ ውስጥ ተቆረጠ። ስታዘግም እሱም ተከተላት።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ወልደ ሰንበት መሰላሉን ወጥቶ ጭነቱ ላይ ሲያሳርፈው ረዳቱ ገመዱን እንደያዘ ተቆጣ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ? የሰው ጆንያ ሊቀድዱብኝ ነው!»

«ቀጋ ነው።»

«ቀጋ! ሞጣ ቀጋ ጠፍቶ ነው ከቢቸና የሚጫነው? ገደሉ ሁሉ ቀጋ አይደል እንዴ!»

ተሳፋሪውም፣ ሸኚውም፣ ቆሎ ሻጮቹም ሳቁ። ወልደ ሰንበት ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ቁልቁል አያቸው። እንደዚያ ያለ መድረክ አግኝቶ አያውቅም፤ መናኸሪያው በሙሉ አንጋጦ እሱን ያያል። እጁን ሊያነሳ ጀመረና መልሶ አወረደው።

«ጽጌረዳ ነበር» አለ። «የእኅቴ ባል አደራ ነበር። እንዲጨበጨብልኝ ብዬ ቆረጥኩት።»

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። የሚያጨበጭብ አልነበረም። አንዳንዱ ጫማውን አየ፤ ነገሩን ስለሚያውቅ ነው፤ ግማሹ በዚያ የጭብጨባ ዕለት ግቢው ውስጥ ነበር። ረዳቱ ግራ ገብቶት፣ «በሉ፣ ያን ጫፍ ይያዙልኝ» ብሎ ገመዱን ወረወረለት። አሰሩት።

ሲወርድ ውበቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። የተቧጨረ እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ።

«ለሙት ዓመቱ ልምጣ?»

መኪናው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። «ና» አለችው በመጨረሻ። «በግ አታምጣ። ጠጅም አታምጣ። ካህናቱና ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ተነሥተህ አሁን ያልከውን በላቸው። እንዳልከው። አንድ ቃል እንዳትጨምር።»

አውቶቡሱ አቧራውን አንሥቶ ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩና ወደ ቤት አብረን ተመለስን፤ ማለት እሱ ከፊት፣ እኔ ራቅ ብዬ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። «ጽጌረዳ ነበር። የእኅቴ ባል አደራ ነበር። በጊዜው የነበረው ሁኔታ አስገድዶኝ...» አለና ቆመ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጀመረ። «ጽጌረዳ ነበር፣ በጎጃም ተወዳዳሪ የሌለው...» ቆመ። ጠላ ቤቱን አለፍን፤ ማንም አልጠራው። «ጽጌረዳ ነበር» አለ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «የእኅቴ ባል...» እዚህ ላይ አቋረጠና ጥቂት ሄደ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ።